ስኳር የማይፈልግ የፍራፍሬ ሰላጣ ለሙቀት ወራት

መጋቢት ከገባ በኋላ አዲስ አበባም ሳትቀር ትሞቃለች። ድሬዳዋና አዋሽ አካባቢ ያላችሁማ ታውቁታላችሁ፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ትኩስ ወጥ ማየት ራሱ ያደክማል። ደግነቱ ማንጎ በብዛት የሚደርሰው በዚሁ ሰሞን ነው። ፓፓያው፣ ሙዙና አናናሱም አለ። ሁዳዴም አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ወራት ስለሚውል በየቤቱ «ዛሬ ደግሞ ምን እንብላ?» የሚባልበት ጊዜ ነው። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ቀዝቃዛ የፍራፍሬ ሰላጣ ለጾመኛውም ለማይጾመውም ይሆናል። ሮመዳን ሲገጥምም ለአፍጥር ይመቻል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቀላል በመሆኑ ግን ብዙ ሰው እንደነገሩ ይሠራዋል። የተገኘው ፍሬ ይከተፋል፣ ስኳር ይነሰነስበታል፣ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ ሳህኑ ውስጥ የሚገኘው የጠቆረ ሙዝና የሟሸሸ ፓፓያ የሚንሳፈፍበት ጣፋጭ ውሃ ነው። ጥፋቱ የፍሬው አይደለም። ይህን ሰላጣ የሚያሳምሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ በልኩ የበሰለ ፍሬ፣ በቂ ሎሚ፣ እና የትኛው ቀድሞ የትኛው ኋላ እንደሚገባ ማወቅ። ስኳር ከሦስቱ አንዱም አይደለም። ስኳር የሚያስፈልገን ጥሬ ፍሬ ገዝተን ስንመጣ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሚያልቀው ገበያ ላይ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

ይህ መጠን ለ6 ሰው በደንብ ይበቃል፤ 8 ሰውም ያዳርሳል።

- 1 መካከለኛ ፓፓያ፣ 1 ኪሎ ገደማ
- 2 ትልልቅ ማንጎ
- ግማሽ አናናስ
- 2 ብርቱካን
- 3 ሙዝ
- 3 ሎሚ
- የአውራ ጣት ግማሽ የሚያህል ዝንጅብል
- ጥቂት የናና ቅጠል
- በሁለት ጣት የተቆነጠረ ጨው
- 1 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ያውም ቀምሳችሁ ካስፈለገ

አናናስ ተወዶ ከሆነ ይቅር፤ ብርቱካኑን 3 አድርጉት። ዘይቱን፣ ሮማን፣ እንጆሪ ወይም ሐብሐብ ካገኛችሁ አንዱን መተካት ትችላላችሁ። ከአምስት ዓይነት በላይ ግን እንዳታበዙ እመክራለሁ። ስምንትና ዘጠኝ ዓይነት ፍሬ ሲቀላቀል ሁሉም አንድ ዓይነት ጣዕም ይይዛል፤ ማንጎው ማንጎ መሆኑ ይጠፋል።

ሎሚውን ግን በምንም አትተኩት። ሌላው ሁሉ ሊቀየር ይችላል፤ ሎሚ ከሌለ ሰላጣው አይሠራም።

ገበያ ላይ

ጥሩ አትክልት ነጋዴ አቮካዶ ስትጠይቁት «ለዛሬ ነው ለነገ?» ይላችኋል። ይህን ጥያቄ እናንተም ለሁሉም ፍሬ ጠይቁት። ሰላጣው የሚሠራው ነገ ከሆነ ዛሬ የምትገዙት ማንጎ ትንሽ ጠንከር ያለ ይሁን። ዛሬውኑ ከሆነ ዛሬ የደረሰ ይሁን። «ለዛሬ የሚሆን ስጠኝ» ስትሉት አብዛኛው ነጋዴ ራሱ መርጦ ያወጣላችኋል። ዕቃውን ከእናንተ በላይ ያውቀዋልና እመኑት።

ማንጎን በቀለሙ አትፍረዱ። በስሎም አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር ዝርያ አለ። ገና ጥሬ ሳለ ጉንጩ የሚቀላም አለ። የሚታመነው አፍንጫ ነው። ፍሬው ከዛፉ ጋር የተያያዘበትን ጫፍ አሽትቱት። የማንጎ መዓዛ ካለው ደርሷል፤ ምንም ካልሸተተ ይቆይ። ከዚያ በመዳፋችሁ ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ጨበጥ አድርጉት። ትንሽ እሺ ማለት አለበት። በጣት ጫፍ እየወጉ መሞከር ግን ፍሬውን ያበልዘዋል፤ ከእናንተ በኋላ ለሚገዛው ሰውም አይጠቅምም።

የአገር ማንጎ፣ ማለትም ክር የሚበዛበትና አነስ የሚለው፣ መዓዛው ድንቅ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚጥመው እሱ ነው። ሆኖም ተቆርጦ ቅርጽ ስለማይይዝና ክሩ ጥርስ ውስጥ ስለሚገባ ለጁስ ወይም ለመምጠጥ ይሻላል። ለሰላጣ «አፕል ማንጎ» የሚባለውን ወይም ሌላ ሥጋው ወፍራም የሆነውን ፈልጉ። የአገር ማንጎ ብቻ ካለ ሌላ ዘዴ አለ፤ አቆራረጡ ላይ እመለስበታለሁ።

ልጣጩ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወይም ሮዝ የመሰለ ጠባሳ ያለው ማንጎ ታያላችሁ። ይህ ነጭ የማንጎ ስኬል የሚባል ጥቃቅን ተባይ ያሳረፈው ምልክት ነው። ተባዩ አገራችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2010 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛምቷል። ምልክቱ ላይ ላዩን ነው፤ ሲላጥ ሥጋው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ገዢ ስለሚሸሸው ግን ገበሬው ዋጋ ያጣበታል። በተለይ ቅናሽ ካለው ሳትሳቀቁ ግዙት።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ከሌላ ነገር ነው። ላዩ ወጥ ቢጫ ሆኖ ምንም የማይሸት፣ ሲቆረጥ ደግሞ መሃሉ ላይ ወዳለው ጠንካራ ፍሬ ጠጋ ያለው ሥጋ ነጣ ብሎ የሚጠነክር ማንጎ ካጋጠማችሁ በግድ የበሰለ ሊሆን ይችላል። ፍሬ ሲበስል በተፈጥሮው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። በግድ ለማብሰል የሚጠቀሙበት ካርባይድ የሚባል ኬሚካል ደግሞ እርጥበት ሲነካው አሴቲሊን ይለቃል፤ ይህ ጋዝ የኤትሊንን ሥራ ይሠራል። ልጣጩ ይቀየራል፤ ጣዕሙና መዓዛው ግን አብሮ አይመጣም። በዚያ ላይ ለኢንዱስትሪ የሚሠራ ካርባይድ የአርሰኒክና የፎስፈረስ ርዝራዥ ሊኖረው ስለሚችል ብዙ አገሮች ለፍራፍሬ እንዳይውል ከልክለዋል። ጥሬ ማንጎ ገዝታችሁ ቤት ማብሰል ከፈለጋችሁ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ሁለት ሦስት ቀን አስቀምጡት። ሙዙ የሚያወጣው ኤትሊን ሥራውን ይሠራል። እስኪበስል ድረስ ፍሪጅ አታስገቡት፤ ማንጎም ፓፓያም ሙዝም ጥሬ ሳሉ ቅዝቃዜ ይጎዳቸዋል።

ፓፓያ ቢጫው የሚጀምረው ከታችኛው ጫፍ ነው። ሦስት አራተኛው ቢጫ ሆኖ ወደ መያዣው በኩል ትንሽ አረንጓዴ የቀረው ለሰላጣ ልኩ ነው። ሙሉ በሙሉ ብርቱካናማ ሆኖ በጣት የሚገባው ለጁስ ይሁን። ሙሉ አረንጓዴውን ግን አትግዙት፤ ቤት ቢለሰልስም የሚገባውን ያህል አይጣፍጥም።

አናናስ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አናናስ ከተክሉ ከተቀጠፈ በኋላ ቀለሙ ሊቀየር፣ ሊለሰልስም ይችላል፤ ስኳሩ ግን አይጨምርም። እንደ ሙዝ ወደ ስኳር የሚቀየር የተጠራቀመ ስታርች የለውም። ስለዚህ «ቤት ይበስላል» ተብሎ አይገዛም። ገልብጣችሁ ታችኛውን ክፍል አሽትቱ። ጣፋጭ ሽታ ካለው ይሁን። ምንም ካልሸተተ ጎምዛዛ ነው። ኮምጣጣ የጠላ ዓይነት ሽታ ካለው አልፎበታል። ከሁለት እኩል አናናስ የሚከብደውን ውሰዱ። በአገራችን ከሲዳማ በኩል የሚመጣው አናናስ የታወቀ ነው።

ብርቱካን አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ጥሬ ነው ማለት አይደለም። የብርቱካን ልጣጭ ደማቅ ብርቱካናማ የሚሆነው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው። እንደ አዋሽ ባሉ ቆላ ቦታዎች ሌሊቱም ስለሚሞቅ ውስጡ ደርሶ ልጣጩ አረንጓዴ ሊቀር ይችላል። ልጣጩ ለስለስ ያለ፣ በእጅ ሲያዝ የሚከብድ ምረጡ። ሙዝ ቀላል ነው፤ ቢጫ ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ አረንጓዴ የቀረው። ጥቁር ነጠብጣብ የበዛበት ለመብላት ይጥማል፤ ሰላጣ ውስጥ ግን ይፈርሳል።

እጥበት

ሁሉንም ሳትልጡ በፊት እጠቡ፤ የሚላጠውንም ጭምር። ቢላው ልጣጩ ላይ ያለውን አፈርና ጀርም ይዞ ሥጋው ውስጥ ይገባል። በሚፈስ ውሃ በእጅ እያሻሹ ማጠብ በቂ ነው። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ከጆግ እያፈሰሳችሁ እጠቡ እንጂ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አትተዉት። ሳሙናና ኦሞ አያስፈልግም። ልጣጩ ስለሚመጠው ጣዕሙም ጤናውም ይበላሻል።

ናና፣ እንጆሪና ወይን ከነልጣጫቸው ስለሚበሉ ትንሽ ልዩ ናቸው። አንድ እጅ አቼቶ በሦስት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ለ5 ደቂቃ ዘፍዝፏቸው፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። በንጹሕ ጨርቅ አድርቋቸው። እርጥብ ቅጠል ሰላጣውን ያቀጥነዋል።

አሁን ወደ መክተፊያው። ይህን የምለው ብዙ ቤት ሰላጣ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሚከተፍበት የእንጨት መክተፊያ ምንም ቢታጠብ ሽታው ውስጡ ይቀራል። ፓፓያ ደግሞ ሽታ ይቀበላል። የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ ሽንኩርት ሽንኩርት ካለ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ከተቻለ ለፍራፍሬ ብቻ አንድ መክተፊያ ለዩ። ካልተቻለ በጨውና በተጨመቀ የሎሚ ልጣጭ አሽታችሁ ጥቂት ደቂቃ ተዉትና እጠቡት። ሥጋ የተቆረጠበትን ግን ለዚህ ሥራ በጭራሽ አትጠቀሙ።

መጀመሪያ የሎሚው ውሃ

ብዙ ሰው ፍሬውን ሁሉ ከትፎ ሲጨርስ ነው ሎሚ የሚጨምቀው። እናንተ ገልብጡት። ትልቁን ጎድጓዳ ሳህን አቅርቡና መጀመሪያ የሎሚውን ውሃ እዚያው ሥሩ ላይ አዘጋጁ። ከዚያ የተቆረጠው ፍሬ ሁሉ በቀጥታ እዚያ ውስጥ ይገባል፤ አየር ላይ አይቆይም።

የሁለት ሎሚ ጭማቂ አውጡ። ሦስተኛውን ለሙዙ አቆዩት። ሎሚው ደረቅ ካለ ከመቁረጣችሁ በፊት መክተፊያው ላይ በመዳፍ ጫን አድርጋችሁ አንከባልሉት፤ ብዙ ይሰጣል። ጭማቂውን በወንፊት አጥልሉ። የሎሚ ዘር በጥርስ ሲሰበር መራራነቱ አፍ ውስጥ ይቆያል።

ዝንጅብሉን ላጡና በደቃቁ ፈቅፍቁት። ፍቅፋቂውን በጣታችሁ ጨምቃችሁ ጭማቂውን ብቻ ጨምሩ፤ ገለባው ይጣል። ከዚያ ጨው። እዚህ ላይ «ፍራፍሬ ላይ ጨው?» የሚል አይጠፋም። ቁንጥሩ ትንሽ እስከሆነ ድረስ ጨው ጨው አይልም። ጨው መራራነትን ስለሚያፍን ጣፋጩ ጎልቶ ይወጣል። ስኳር ሳንጨምር ሰላጣው የሚጣፍጥበት አንዱ ምስጢር ይህ ነው።

ሎሚው ሁለት ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው ቀለም መጠበቅ ነው። ፍሬ ሲቆረጥ ውስጡ ያለ ኢንዛይም ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተገናኝቶ ያጠቁረዋል። የሎሚው አሲድና ቫይታሚን ሲ ይህን ያዘገዩታል። ሁለተኛው ጣዕም ነው። ፓፓያ በራሱ አሲድ በጣም ትንሽ ስለሆነ ብቻውን ልፍስፍስ ያለ ጣዕም አለው። ሎሚ ሲነካው ሌላ ፍሬ ይሆናል። «ፓፓያ አልወድም» የሚል ሰው ካለ በሎሚና በቁንጥር ጨው አስቀምሱት። ብዙዎቹ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ።

ማሩን ገና አትጨምሩ። ስኳርም ማርም ከፍሬው ውስጥ ውሃ ይስባሉ። ቀድሞ የገባ ጣፋጭ ነው ሰላጣውን ሾርባ የሚያደርገው።

አቆራረጥ

ልኩ ይህ ነው፦ አንድ ማንኪያ ላይ ሁለት ሦስት ዓይነት ፍሬ መግባት አለበት። ስለዚህ ለስላሳዎቹን 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ጠንካራውን አናናስ ደግሞ የዚያን ግማሽ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከዚያ ካነሰ ይፈርሳል፤ ከበለጠ ደግሞ እንግዳው በሹካ መቁረጥ ይጀምራል። ቢላው የተሳለ ይሁን። የደነዘ ቢላ ፍሬውን አይቆርጥም፤ ይጨፈልቀዋል።

*ብርቱካን* በመጀመሪያ ይግባ፤ ጭማቂው የሎሚውን ውሃ ያበዛዋል። ከላይና ከታች ቁረጡና አቁሙት። ልጣጩን ከነነጩ ሽፋን ከላይ ወደ ታች በቢላ አንሱት። ነጩ ነው የሚመረው። አሁን ብርቱካኑን በሳህኑ ላይ በእጃችሁ ያዙና በእያንዳንዱ ክፍልፋይ ግራና ቀኝ፣ ከስስ ሽፋኑ አጠገብ ቢላውን አስገቡ። ንጹሕ ሥጋው ተንሸራቶ ይወድቃል። እጃችሁ ላይ የቀረውን ሽፋን ጭመቁት፤ ብዙ ጭማቂ አለው። ትዕግሥት ከሌላችሁ እንደማንኛውም ብርቱካን ላጣችሁ ቁረጡ፤ ዘሩን ግን አውጡ።

*አናናስ*። ቅጠሉንና ታቹን ቆርጣችሁ አቁሙት። ልጣጩን ከላይ ወደ ታች አንሱ። «ዓይኖቹ» ይቀራሉ። ልብ ብላችሁ ብታዩ ዓይኖቹ የተደረደሩት በጠመዝማዛ መስመር ነው። መስመሩን ተከትላችሁ ቢላውን አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ ሰያፍ ብታስገቡ በአንድ ጊዜ ብዙ ዓይን ይወጣል፤ ሥጋውም አይባክንም። ከዚያ በቁመቱ ለአራት ከፍላችሁ መሃሉ ላይ ያለውን ጠንካራ ግንድ አንሱ። ግንዱንና የታጠበውን ልጣጭ አትጣሉት። ከቀረፋና ከዝንጅብል ጋር 20 ደቂቃ ቀቅሉት፣ አጥልሉት፣ አቀዝቅዙት። ከሰላጣው ጋር የሚጠጣ ያማረ መጠጥ ይወጣዋል።

*ፓፓያ*። በቁመቱ ለሁለት ክፈሉ። ጥቁሩን ዘር በማንኪያ አውጡ። ከዘሩ ሥር ያለውን ነጭ ስስ ክር በማንኪያው ጠርዝ በደንብ ጥረጉት። መራራነት የሚመጣው ከሱ ነው። ከዚያ ላጡና ቁረጡ። ፓፓያ ለስላሳ ስለሆነ ሳህኑ ውስጥ አትወርውሩት፤ በመክተፊያው ዳር አንሸራትታችሁ አስገቡ።

*ማንጎ*። የብዙ ሰው ትግል እዚህ ነው። ማንጎ ውስጥ ያለው ፍሬ ድቡልቡል አይደለም፤ ጠፍጣፋ ነው። ማንጎውን የተቀጠፈበትን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ አቁሙትና ጠባቡን ጎን ወደ እናንተ አዙሩት። ፍሬው ልክ መሃሉ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ከመሃሉ የጣት ስፋት ያህል ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ቁረጡ። በግራም እንዲሁ። ሁለት ሙሉ ጉንጭ ይወጣላችኋል። የጉንጩን ሥጋ ልጣጩን ሳትበሱ በቢላ ጫፍ አራት ማዕዘን እያደረጋችሁ ሰንጥቁት። ከዚያ በማንኪያ ከልጣጩ ፈልቅቁት፤ ተቆራርጦ ይወጣል። ማንጎው ሲቆረጥ ከመያዣው የሚወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ የአንዳንድ ሰው ከንፈር ስለሚያሳክክ እጠቡት።

ያለው የአገር ማንጎ ብቻ ከሆነ አትከትፉት። አራት ያህል ላጡና በእጃችሁ ጨምቃችሁ በወንፊት አጥልሏቸው። ወፍራሙን ጭማቂ በሎሚው ውሃ ላይ ጨምሩት። ክሩ ወንፊቱ ላይ ይቀራል፤ መዓዛው ሰላጣው ውስጥ ይገባል። እውነቱን ለመናገር ይህኛው ከተከተፈው የበለጠ የሚጥምበት ጊዜ አለ።

ፍሬው ላይ የቀረውን መምጠጥ የሠሪው ድርሻ ነው።

ማቀዝቀዝ

ከብርቱካን እስከ ማንጎ ያሉት አራቱ ገብተዋል። በሰፊ ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እያነሳችሁ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ገልብጡ። ማማሰል አይደለም። ሳህኑን ክደኑና ፍሪጅ አስገቡ። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ አንድ ሰዓት በጣም ጥሩ ነው። ክዳን ከሌለው በፌስታል ወይም በሳህን ሸፍኑት፤ ፍሪጅ ውስጥ ያለ የወጥ ሽታ ፍሬ ላይ ቶሎ ያርፋል።

መብራት ከጠፋ ወይም ፍሪጅ ከሌለ ሌላ መንገድ አለ። ፍሬዎቹን ሳይቆረጡ ከሌሊቱ ጀምሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ አስቀምጡ። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አየሩ ደረቅ በሆነባቸው ቦታዎች በደንብ ይሠራል። አየሩ እርጥበት ባለበት ግን ብዙም አይጠቅምም። በዚህ መንገድ ስትሠሩ ሰላጣውን ልክ ለመብላት ስትቀርቡ ቁረጡት።

ሰዓቱን ልብ በሉ። የተቆረጠ ፍራፍሬ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቦታ አንድ ሰዓት ብቻ። ፒክኒክ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ፍሬውን ሙሉውን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ቁረጡ።

ሲቀርብ

ሙዙ አሁን ይላጥ። ከዚህ በፊት አይደለም። ክብ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ በተቀመጠው ሦስተኛ ሎሚ ግማሽ ጭማቂ ለውሱትና ጨምሩት። ሐብሐብ የምትጨምሩ ከሆነም ጊዜው አሁን ነው። ሐብሐብ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ቀድሞ ከገባ ሳህኑን ያጥለቀልቀዋል። ናናውን በእጃችሁ ቀንጥሱና ከላይ በትኑት፤ በቢላ ከተከተፈ ይጠቁራል።

አሁን ቅመሱ። ጣፋጭ ካነሰ ማሩን ጨምሩ። ማሩ ከረጋ ማሰሮውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆዩትና ከቀረው ሎሚ ጋር በጥብጣችሁ አፍስሱት። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ካለ ማር ከመግባቱ በፊት የሱን ድርሻ ለዩ፤ ለዚያ ዕድሜ ማር አይሰጥም። ለትንንሽ ልጆች ወይን ካለበት ደግሞ እያንዳንዱን በቁመቱ ሰንጥቁት፤ ድቡልቡሉ ጉሮሮ ይዘጋል።

ሌላ ነገር ማከል ለምትወዱ

ጁስ ቤቶች አቮካዶ ጨምረው ቪምቶ ያፈሱበታል። አቮካዶው ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ያጠግባል፣ በጾም ጊዜ ደግሞ የቅባት ፍላጎትን ይሸፍናል። ከሙዙ ጋር፣ በመጨረሻ፣ በሎሚ ተለውሶ ይግባ። ቪምቶውን ግን አልመክርም። ማንጎውንም አናናሱንም ሸፍኖ የራሱን ጣዕም ብቻ ያስቀራል።

በፍስክ ቀን እርጎ የምትወዱ ከሆነ እርጎውን ለየብቻ በየሳህኑ ከላይ አድርጉበት፤ ቀላቅላችሁ አታስቀምጡት። ያልተቀቀለ ፓፓያ ውስጥ ፓፔይን፣ ያልተቀቀለ አናናስ ውስጥ ብሮሜሊን የሚባሉ ፕሮቲን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች አሉ። ከእርጎ ጋር ሲቆዩ እርጎውን ያቀጥኑታል፤ መራራም ያደርጉታል። ጄሊ የሚረጋበት ጄላቲን ከእነዚህ ፍሬዎች ጋር የማይረጋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚንኮሻኮሽ ነገር ለፈለገ የተቆላ ለውዝ ፈጨት አድርጎ ወይም የተቆላ ሰሊጥ መበተን ጥሩ ነው። ያውም ሊበላ ሲል። ለደፋሮች ደግሞ አናናሱና ማንጎው ላይ በጣም ትንሽ ሚጥሚጣ። ሞክሩትና ፍረዱ።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ እናንተ ጋ ሙቀቱ የሚመጣው እኛ ጋ ክረምቱ ሲገባ ነው። ያኔ እንጆሪው፣ ኮኩና ሐብሐቡ ርካሽ ነው። የሎሚው ውሃ፣ ጨውና ዝንጅብሉ እንዳለ ይሠራል። ከእንጆሪ ጋር ብቻ ደንቡን አንድ ቦታ ላይ ቀይሩ፦ እንጆሪውን ለሁለት ከፍላችሁ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ጋር 15 ደቂቃ ለብቻው አስቀምጡት። ቀይ ጭማቂ ያወጣል፤ እሱን ከነጭማቂው ጨምሩት። ሱፐርማርኬት ያለው ፓፓያ ብዙውን ጊዜ ጥሬውን ተቀጥፎ የመጣ ስለሆነ ካልሸተተ ተዉትና በማንጎ ተኩት።

የተረፈው ሰላጣ በፍሪጅ እስከ ማግስቱ ይቆያል፤ መልኩ ግን ይለወጣል። ለእንግዳ አይቀርብም። ጁስ መፍጫ ውስጥ ጨምሩት፣ ውሃ ሳትጨምሩ ፍጩት፣ በበረዶ መሥሪያው ሞልታችሁ ፍሪዘር አስገቡት። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይጨርሱታል።